በአርባው ቀን ልጄን ሌባ ላሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለቤት

ካሉበት ይድረስ፤ ስምዎን አጥርቼ መጥራት ላልቻልኩት፣ እርስዎ ግን በየሰዉ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠው ማን እውነተኛ፣ ማን ሐሰተኛ እንደሆነ ለሚያውቁት፣ ለክቡር የፕሮግራሙ ባለቤት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለትዳር ጓደኛዎ፣ ለልጆችዎና በሥርዎ ለሚያድሩ ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ከብትዎ፣ አዝመራዎ፣ ደጅዎ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ከዚህ በታች ከምጽፈው ነገር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

የእርስዎን ደኅንነት አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ በልጄ ኮምፒውተር ላይ ማለዳ ማለዳ ብቅ እያሉ «መከላከያዎ ደካማ ነው፣ አደጋ ላይ ነዎት» እያሉ ደኅንነቱን ሲጠይቁት እንደኖሩ ሰምቻለሁ። ለልጄ ይህን ያህል ሲሳሱለት ለኖሩ ሰው፣ ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ነገር መግባት በኛ አገር ነውር ነው።

ስሜ ዓይናለም ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ መንደር ድንችና ገብስ እያመረትኩ እኖራለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የምይዘው በዕድር መዝገብ ላይ ስፈርም ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ስላስጠበቅሁዎ ይቅርታ። ሆኖም እርስዎ ራስዎ «እባክዎ ይጠብቁ፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» እያሉ ሰውን ግማሽ ቀን ሲያስቀምጡ የኖሩ ስለሆነ፣ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

መጀመሪያ ወሬው የደረሰኝን ቀን ልንገርዎ። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ሰኞ ማለዳ ነበር። ልጄ ሙሉቀን ሠርግ በቪዲዮ ሊቀርጽ ቅዳሜ ወደ አንበሳሜ ሄዶ ነበር። ሥራው ይኸው ነበር፤ ሠርግና ክርስትና ይቀርጻል፣ ለገበሬውም የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። አባቱ ብርሃኑ ካረፈ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እሑድም እዚያው ያድራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሠርግ ግን ያዘገያል ብዬ ተኛሁ። ሰኞ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ አስናቀ ከአራት ሽማግሎች ጋር ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ደጄ ሲመጡ አየሁ። ከኋላቸው ጎረቤቴ ሙሉ አለች። ከሙሉ ጋር በመስኖ ውኃ ተራ ምክንያት ከጥምቀት በፊት ጀምሮ አንነጋገርም ነበር። እኔም ለዕርቅ የመጡ መሰለኝ። ገና ሳይቀመጡ፣ አጎዛውን እያነጠፍኩ፣ «መምሬ፣ ለዚህ ነገር እናንተን ማድከም አልነበረብኝም፤ እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ውኃውን እሷ ታስቀድም» አልኳቸው። ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ውኃውስ ይቅር፣ እትዬ ዓይናለም፣ ውኃውስ ይቅር» እያለች ስታለቅስ ነው የገባኝ። ልጄ እሑድ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይልቁንም ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ። ሚኒባሱ ሲገለበጥ ላፕቶፑ በልጄ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልጄ ሞተ፤ ላፕቶፑ አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካው ተመለሰልኝ። ባትሪው ከድሮም የተበላሸ ስለሆነ ከግድግዳ ካልተሰካ አይሠራም፤ በሦስተኛው ቀን ሲሰካ ግን ወዲያው በራ። በራና አንድ ጽሑፍ አወጣ። መልካሙ የሚባለው የወንድሜ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነው፣ እንዲተረጉምልኝ ስጠይቀው «ምንም ዓይነት አደጋ አልተገኘም ይላል» አለኝ። «ቫይረስ ማለቱ ነው፣ እቴቴ» አለኝ ቆይቶ። እኔም እንደዚያ ነው የተረዳሁት።

ልጄን ከማይታይ አደጋ ሲጠብቁት ኖረው ስለሚታየው ሳይነግሩት ስለ ቀሩ አልወቅስዎም፤ መኪና የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእርስዎን ሥራ ሲሠሩማ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ገበሬ ልጅ ክርስትና የተቀረጸበትን ፍላሽ በሽታ አለበት ብለው ከነሕፃኑ አጥፍተውታል። ገበሬው ሦስት ቀን ተመላልሶ «የልጄ ክርስትና የት ደረሰ?» እያለ ሲጠይቅ ሙሉቀን ከጓዳ ይደበቅ ነበር፤ ሻይ እያቀረብኩ የምሸኘው እኔ ነበርኩ። ስለዚህም አመሰግናለሁ፤ ከገበሬው ጋር ዘመድ ሆነናል።

፪ኛ፦ በአርባው ቀን ስላደረጉልኝ ክብር። በኛ አገር ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ለድኻ ይዘከራል። የልጄ አርባ ዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ ድግሱ የጾም ነበር፤ ሰዉ ግን ከአንበሳሜም፣ ከጣራ ገዳም በኩልም መጥቶ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። መምሬ አስናቀ ጸሎቱን ከጨረሱ በኋላ መልካሙ ከዕድሩ ጸሐፊ ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን አምጥቶ ላፕቶፑን አገናኘው። የሚከፍተውን ቃል ያውቅ ነበር። «ዳልቻ» የሚል ነው። ዳልቻ ላፕቶፑን ለመግዛት የሸጥናት ጊደር ናት።

ሙሉቀን ሌላውን ሲያነሳ የኖረ ስለሆነ በቪዲዮዎቹ ውስጥ እሱ አይታይም፤ ድምፁ ግን ከካሜራው ኋላ ይሰማል። መልካሙ የከፈተው እኔ ድንች ስቆፍር የተቀረጸውን ነው። ጎንበስ ብዬ ስቆፍር የልጄ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ቀና በይ እንጂ፣ ድንቹ የትም አይሄድ» ይላል። እኔም ቀና ሳልል «ና አግዘኝና ቀና እላለሁ» እለዋለሁ። «ታዲያ ማን ሊቀርጽሽ ነው?» ይላል። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ ሳቁም መልሶ ልቅሶ ሆነ። በአርባ ቀን ውስጥ ድምፁን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚኝማ እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ።

በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ጠቆረና የእርስዎ ጽሑፍ ወጣ።

መምሬ አስናቀ «ምን ይላል?» አሉ። መልካሙ ቁልፎቹን ይነካካ ጀመር። ከወደ ኋላ አንድ ሰው «አንብበው እንጂ፣ ለዚህ አይደል የተማርከው» አለው። ልጁም ላብ እያጠመቀው «ይህ ፕሮግራም እውነተኛ አይደለም፣ የሐሰተኛ ቅጂ ሰለባ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ አነበበ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ አዛውንት «እስቲ በአማርኛ ንገረን» አሉት፤ በአማርኛ የነገራቸው መስሎት የነበረው ልጅ ግራ ገባውና፣ ወደ እኔ እንዳያይ አንገቱን ደፍቶ፣ «የተሰረቀ ነው ማለቱ ነው» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ልቅሶ ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። በኛ ልቅሶ ቤት የሟች ነውር አይነሳም። ከሟች ጋር ተካስሶ የኖረ ሰው እንኳ ቂሙን ከደጅ ትቶ ይገባና «ደግ ሰው ነበር» ብሎ ይወጣል፤ ውሸት ቢሆንም ማንም አይታዘበውም። እርስዎ ግን ሳይጠሩ ገብተው፣ ካህን በተቀመጠበት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ በእናቱ ፊት ሌባ አሉት። ስለ ድፍረትዎ እጅ እነሳለሁ። ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ እንዲህ ያለ ደፋር የለንም።

፫ኛ፦ ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቁጥሩ እንዳይዘል ብዬ እዚህ አኖርኩት።

መልካሙ ያን እንደተናገረ ብድግ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ይህ ዕቃ የልጄ አይደለም፣ ከሰው ተውሶት ነው» አልኩ። ዳልቻን እስከ ገበያ የነዳኋት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ ሲገዛ አብሬ ቆሜአለሁ፣ በነጠላዬም ጠቅልዬ እስከ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም «የልጄ አይደለም» አልኩ፤ ደግሜም አልኩ። ከዚያም ሰዉ ጽሑፉን ከዚህ በላይ እንዳያይ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ጣልኩት። ጽሑፉ ጠፋ። ልጄ ሊነግረኝ የነበረውም አብሮ ጠፋ።

ሙሉ ብቻ ሳህን እየሰበሰበች አጠገቤ ስትደርስ «የሱማ ነው፣ እትዬ፣ ዳልቻንስ ማን ይረሳታል» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ፊቴን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞርኩ። ሰዉ ሲሰናበተኝ ከፊቴ ይልቅ እጄን እያየ ነበር የሚሰናበተው፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። እርስዎ ልጄን ሌባ ያሉት ሳያውቁት ነው። እኔ የካድኩት እያወቅሁት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ስቀዳም፣ ወፍጮ ቤት ስሄድም፣ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት እየመረጥኩ ነው።

፬ኛ፦ ንብረትዎን ለመመለስ ስላደረግሁት ጥረት። በኛ አገር ከብት ጠፍቶ ከሌላ ሰው በረት የተገኘ እንደሆነ ሥርዓት አለው። ያገኘው ሰው አይደብቀውም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስነግራል። ባለቤቱ መጥቶ ጆሮዋ የተተለተለ ነው፣ ግንባሯ ቦቃ ነው ብሎ ምልክቱን ይናገራል፤ ምልክቱ ከገጠመ ነድቶ ይሄዳል። እኔም የልጄ ነፍስ በሰው ንብረት እንዳትያዝ ብዬ ላፕቶፑን ይዤ መምሬ አስናቀ ዘንድ ሄድኩ።

«የተሰረቀው ነገር የቱ ነው?» አሉኝ። ውስጡ ያለ ነው፣ አይታይም፣ አልኳቸው። «ባለቤቱ አሁን ባዶ እጁን ነው ማለት ነው?» አሉኝ። የለም፣ መልካሙ እንደነገረኝ ቢወሰድበትም አይጎድልበትም፣ ያው እንዳለ ነው፣ አልኳቸው። መምሬ ጺማቸውን ይዘው «እንዲህ ያለ ስርቆት በመጽሐፍ አላየሁም፤ ቢሆንም ባለቤት ካለው እናስነግር» አሉ። ስለ ሌላው ነገር፣ በድንኳኑ ስለተናገርኩት፣ አላነሱብኝም። እኔም አላነሳሁም።

በመጋቢት መድኃኔዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ «በሩቅ አገር ያለ ሰው ንብረት በወይዘሮ ዓይናለም ቤት ተገኝቷል፤ ባለቤት ነኝ የሚል ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ» ተብሎ ተነገረ። እርስዎ አልመጡም። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በቅሎ ጠፍታበት ኖሮ እሷ እንደሆነች ሊያይ ነው። ላፕቶፑን ሳሳየው አዝኖ ሄደ። ልጄን በአርባው ቀን ፈልጎ ለማግኘት ያልተቸገሩ ሰው፣ ንብረትዎን ይውሰዱ ሲባሉ አለመምጣትዎ ትሕትናዎን ያሳያል።

፭ኛ፦ ከሌባ ስለመጠበቅዎ። ገመዱን ከነቀልኩት ወዲህ ላፕቶፑ እንደ ድሮው አልከፈት አለ። «ዳልቻ» ቢሉትም አልሰማ አለ። ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ አሚን ወሰድኩት። አሚን ልጄን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ሥራውንም ያስተማረው እሱ ነው። ሁለት ቀን ታገለው። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ሆኖ በራና ቁጥር ጠየቀ፤ አርባ ስምንት ቁጥር። «እማማ፣ ይሄ ከሌለ ውስጡ ያለው አይነበብም፤ ሌባ ቢወስደው እንዳይከፍተው የተሠራ ነው» አለኝ። ቁጥሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሙሉቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልጄን ሌባ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ልጄን ከሌባ የጠበቁትም እርስዎ ነዎት፤ በመጨረሻም ሌባዋ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ለአንድ ቤት ይህን ሁሉ አገልግሎት መስጠትዎ የሚደነቅ ነው።

አሚን በስልኩ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ፈልጎ አገኘልኝ። ችግሬን ከመስማትዎ በፊት ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ ጠየቁኝ። ትንንሽ ሥዕሎች መጡና የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ንኪ ተባልኩ። እኔ መብራት ያለበትን ሁሉ ነካሁ፣ የቤቱንም፣ የመኪናውንም። ስሕተት ሆነ። ቀጥሎ እሳት ሲነሳ ውኃ የሚቀዳበት ነገር ያለባቸውን ንኪ ተባልኩ። በኛ መንደር እሳት ሲነሳ ውኃ ይዞ የሚሮጠው ሰው ስለሆነ ሰው ያለባቸውን ነካሁ። ይህም ስሕተት ሆነ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። አሚን ሊያስቀኝ ብሎ «እማማ፣ ሰው አይደሉም እኮ እያለዎ ነው» አለኝ። እኔም በድንኳኑ ያደረግሁትን አስቤ፣ ምናልባት አውቆ ይሆናል አልኩ።

በመጨረሻ አሚን በኔ ፈንታ ሰው ሆነልኝና ነገሩን ጻፈልዎ። መልስዎ በደቂቃ ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት በመሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። የሟቹን የሞት ማስረጃና የፕሮግራሙን የግዢ ደረሰኝ ላኩ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለአገልግሎታችን ስንት ኮከብ ይሰጣሉ ይላል፤ እስከ አምስት ይቻላል። በሰማይ ካሉት ያሻዎን ያህል ይውሰዱ።

፮ኛ፦ የሞት ማስረጃውን ልቀበል ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ጸሐፊዋ የልጄን ስም በኮምፒውተር እየጻፈች ሳለ ዓይኔ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ዐረፈ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ያን ጽሑፍ ግን በመልኩ አውቀዋለሁ፤ በአርባው ቀን ያየሁት ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «እሱን ተዉት፣ ሁሌም አለ» አለችኝና ወረቀቱን አውጥታ ማኅተም መታችበት።

ወጥቼ ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። በሌላ ቀን ቢሆን «እነሱም ናቸው ለካ» ብዬ ደስ ይለኝ ነበር ይሆናል፤ ሰው በኀፍረቱ ጓደኛ ሲያገኝ ይቀለዋል። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ልጄ መሞቱን የሚመሰክረው ወረቀት የተጻፈው እርስዎ እውነተኛ አይደለም በሚሉት ፕሮግራም ነው። እንግዲያው ወረቀቱ ሐሰት ነው፣ ልጄም አልሞተም፣ ብዬ ልከራከርዎ ትንሽ ተመኘሁ። ከዚያ ተነሥቼ ሄድኩ።

፯ኛ፦ ወረቀቱን ይዤ ወደ አሚን ስመለስ ያየሁትን ነገርኩት። አሚን በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠና አቀረቀረ። «እማማ፣ የጫንኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «በዚህ ከተማ ለብዙው የምጭነው እኔ ነኝ። ሙሉቀን ግን እውነተኛውን ገዝቼ ካልሆነ ብሎ እዚህ ወንበር ላይ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጧል። ሊከፍል ሲል አገርህን ምረጥ ይለዋል፤ አገራችን ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ደጋግሞ ፈለገ። እኔም ሳቅሁበት። የፈረንጅ ጠበቃ ማን አደረገህ፣ ሰው ሁሉ በሚሠራበት አንተን ምን ያሳፍርሃል አልኩት። ሲጫንለት ፊቱን አዙሮ ነበር።»

አሚን ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን አላነሳም። ከፈለጉ በዕድሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ እናንተ ካህን ጥሩ፣ እኔ ሼሁን እጠራለሁ፣ አለኝ። መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩት። ልጄ እኔ ሳላውቅ፣ በማያውቀው ሰው ንብረት አፍሮ ነበር። እኔ ደግሞ በልጄ አፈርኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ለአፍታ ፊቴን ከእርስዎ መልሼ ለጎረቤቶቼ ልናገር፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በአርባው ቀን በድንኳኔ የነበራችሁ ሁሉ፣ ላፕቶፑ የልጄ የሙሉቀን ነው። ዳልቻን ሸጠን የገዛነው ነው። ከማንም አልተዋሰውም። በሟች ላይ የዋሸሁት እኔ እናቱ ነኝ። ሙሉ፣ አንቺ እውነቱን ተናግረሽ ነበር፤ ፊቴን ያዞርኩት ከኀፍረት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ እመለሳለሁ፤ ልመናዬም አንድ ብቻ ናት። ፕሮግራምዎን ይውሰዱ። እንዴት እንደሚወሰድ አላውቅም፣ እርስዎ ያውቁበታል፤ ላፕቶፑ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ቢቀር ቅር አይለኝም። የኔን ግን ይተዉልኝ። ምልክቱን እናገራለሁ። አንዲት ሴት አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ድንች ትቆፍራለች። ከካሜራው ኋላ ያለ ልጅ ቀና በይ ይላታል፤ እሷ ቀና አትልም። ከዚያ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ይላታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምልክት መናገር አልችልም። ያን ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ልጄ ነግሮኛል፤ ረዘም አድርጎ እንደተናገረም ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ዝናብ ሳይመጣ ድንቹን ላወጣ ስለቸኮልኩ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም። ሚስት ላገባ ነው ብሎኝ ይሁን፣ ከተማ ልግባ ብሎኝ ይሁን፣ አሞኛል ብሎኝ ይሁን አላውቅም። ያን ቃል አሁን የያዙት እርስዎ ነዎት። ልጄ ሁለት ጊዜ እንዲነግረኝ ነው የምለምነው። ለዚህ የማቀርበው አርባ ስምንት ቁጥር የለኝም፤ ደረሰኝም የለኝም፤ ስወልደውም ደረሰኝ አልተሰጠኝም።

ጽሑፌን ስፈጽም፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በሮችዎ ሁሉ እንደተቆለፉ እንዲኖሩ፣ ቁልፍዎም ከእጅዎ እንዳይጠፋ እመኛለሁ። ቢጠፋም፣ እናትዎ መጥታ ስታንኳኳ ሰው መሆኗን የሚጠይቃት አይግጠማት። ስላነበቡልኝ፣ ካነበቡልኝ፣ ጫማዎን ስሜ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቀኝ ኀፍረት ጋር፣
ሰው መሆኗ በእርስዎ ዘንድ ገና ያልተረጋገጠላት፣
የሙሉቀን ብርሃኑ እናት
ዓይናለም ዓለምነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእጄ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ መልካሙ በኮምፒውተር ሲገለብጥልኝ የእርስዎ ማስታወቂያ ከሥሩ ብቅ ብሏል። ልጁ ሊሸፍነው ሲል ተወው አልኩት፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ደብዳቤው ደረሰዎ አልደረሰዎ አላውቅም ነበር። ሌሎች የምታነቡት ወገኖቼ ግን፣ የልጄ የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። በቤተ ክርስቲያን የምትቆሙ በዚህ ስም አስቡልኝ፣ የእስልምና ወገኖቼም በየዱዓችሁ ሙሉቀን ብላችሁ ጥሩልኝ። ነፍስ ይማር በሉ። ይህችን አንዲት ቃል እየቀዳችሁ ለሰው ሁሉ ስጡ፤ ባለቤቷ አይከለክልም።